የቤተኞቹ ደብተር

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ታኅሣሥ 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

ጤናሽን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም። ደብረ ብርሃን በዚህ ወር ውሃ በባልዲ ውስጥ ይረጋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የአንቺ ደረት ደግሞ ከልጅነትሽም ብርድ አይወድም። ወፍራም ሹራብ ገዛሽ? የእናትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ? አባትሽስ ጡረታውን ለመዱት ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ከረባት ያስራሉ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው፤ ከቀትር በኋላ የታይፕ ማሽኑ ብረት ጣቴን ያቃጥለኛል። ያም ሆኖ አልማረርም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር ሊሞላው ነው። «አባትሽ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ከዘመቱበት ተመለሱ ሲሉን እናቴ አለቀሰች፣ አንቺ ግን እንዴት እንደመጡ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍሽልኝም። ከመኪና ሲወርዱ ማን ቀድሞ አወቃቸው? እናትሽ ምን ሆነች? ቀስ ብለሽ፣ ሳትዘይ ጻፊልኝ» ብለሻል። ሳነበው ሳቄ መጣ። አልተለወጥሽም። አንቺ ሁልጊዜ የምትወጂው መንገዱን ነው።

የእሁድ ጠዋቱን የሬዲዮ ድራማ ትዝ ይልሻል? እኛ ቤት ሬዲዮ ስላልነበረ እናንተ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠን የምንሰማውን? ቀያሹ አበጋዝና ነርሷ ውብአየሁ። አርባ ሳምንት ሙሉ ተያዩ፣ አርባ ሳምንት ሙሉ ሳይነጋገሩ ቀሩ። ከዚያ በ1983 ግንቦት ላይ አንድ እሁድ ስንከፍተው የወታደር ማርሽ ብቻ ነበር። ድራማው በዚያው ቀረ። እጅ ለእጅ እንኳ ሳይነካኩ።

አንቺ ሦስት ቀን አኩርፈሽ በአራተኛው ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝተሽ «እኛው እንጽፈዋለን» አልሽኝ። ጻፍንም። ያንቺ አበጋዝ በመጀመሪያው ደብተር ደብዳቤ ጽፎ ቀደደው። በሁለተኛው ከክሊኒኩ አጥር ውጭ ዝናብ መታው። የውብአየሁን ጣት የነካው በሦስተኛው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱንም ክኒን ስትሰጠው። ክፍል ውስጥ ግማሹ ልጅ በዚያች ጣት አለቀሰ። የእኔ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ከተጋቡ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጣሪያ ያፈስሳል፣ እሱ ይወጣና ይደፍናል፣ እሷ ከታች ሆና «ከወደቅህ እንዳልስቅብህ» ትለዋለች። ሌላ የለውም። ያንቺን የሚወዱ «መንገደኞች»፣ የእኔን የሚወዱ «ቤተኞች» ተባሉ። የአማርኛው መምህራችን የሁለታችንንም አንብበው፣ የእኔን በሁለት ጣት ይዘው፣ እንቅፋት የሌለው ታሪክ ታሪክ አይባልም አሉኝ። አንቺም እስከ ዛሬ «እንዴት ተዋደዱ? ማን ቀድሞ ተናገረ? ለምን አትጽፊውም?» ትይኛለሽ።

ለምን እንደማልጽፈው ነግሬሽ አላውቅም። በዚያው ዓመት ክረምት ሠራዊቱ ሲበተን እናቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ለብሳ መናኸሪያ ትሄድ ነበር። እኔም እከተላታለሁ። ከየመኪናው ጫማቸው የተቀደደ፣ አንዳንዶቹም ባዶ እግራቸውን የሆኑ ሰዎች ይወርዳሉ። የእያንዳንዱን ፊት ታያለች። አንዱን ዝም ብሎ ሲያልፍ ክንዱን ይዛ «ሀብተጊዮርጊስ የሚባል፣ ረዥም፣ ሹፌር ነበረ» ስትለው ራሱን ነቀነቀና ክንዱን በቀስታ አስለቀቀ። ከነሐሴ እስከ ኅዳር እንዲህ ሆነ። ማታ ቤት ስንገባ የነጠላዋን አቧራ አራግፋ ለነገ ታጥፈዋለች። እኔ ያንን እያየሁ ስለ መጠበቅ የሚያምር ነገር መጻፍ እንዴት ይሆንልኛል? አብረው ያሉ ሰዎችን ማየት ነበር የፈለግሁት። ያለቀለትን፣ የተቀመጠውን፣ ማንም የማያሳድደውን።

እንግዲህ የጠየቅሽኝን አመጣጡን ልንገርሽ። አጭር ነው።

ባለፈው ግንቦት፣ የገበያ ቀን ነበር። ለምሳ ከመሥሪያ ቤት ስመለስ በሩ እንደወትሮው ገርበብ ብሏል። ስገባ እናቴና አንድ ሰው ከአንድ ሳህን በሽፈራው ቅጠል የተሠራ ኩርኩፋ ይበላሉ። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና «ዛሬ ቆየሽ» አለኝ።

በቃ። አመጣጡ ይሄው ነው።

እናቴ አላለቀሰችም። እልል አላለችም። ጎረቤት አልጠራችም። «እጅሽን ታጠቢና ቅረቢ፤ አባትሽ ድርሻሽን ትቶልሻል» አለችኝ። ወደ መሬት ሳይ ጫማው ከቤት ጫማዬ አጠገብ፣ ጫፍ ለጫፍ ተስተካክሎ ተቀምጧል። ሮጬ መሳም እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን ትናንትም ከትናንት በስቲያም እዚህ የበላ የሚመስልን ሰው ምን ብለሽ ሮጠሽ ትስሚዋለሽ? ታጠብኩና ቀረብኩ።

ወደ ሥራ ስመለስ እናቴን ደጅ ላይ ያዝኳትና «እማዬ፣ መቼ መጣ?» አልኳት።

«ከየት?» አለችኝ።

ዓይኗን አየሁት። ቀልድ የለበትም፣ እብደትም የለበትም። የሳምንቱን ልብስ አጥባ የጨረሰች ሴት ዓይን ነበር፤ የደከማት፣ ግን ያረፈች።

አባቴ የሄደው ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ያለኝ ትዝታ ጀርባው ነው፤ የናፍጣ ሽታውና ትከሻው ላይ ሆኜ የማየው የጆሮው ጫፍ። ፊቱ የለኝም። ስለዚህ ሰውዬውን በሚያውቀው ነገር መመርመር ጀመርኩ። ክረምት ላይ በራችን እንደሚጣበቅና ወደ ላይ ከፍ አድርገው ካልገፉት እንደማይከፈት ያውቃል። ጨው ከምሰሶው ጀርባ እንደሚቀመጥ ያውቃል። እኔ አራት ዓመቴ ላይ የልብስ ቁልፍ ዋጥኩ ተብሎ ሰፈሩ የታመሰበትን ቀን ከነቁልፉ ቀለም ያውቃል። የማያውቀው ጋሞኛ ብቻ ነው። እናቴ የጨንቻ ልጅ መሆኗን ታውቂያለሽ፤ አባቴም እሷን ካገባ በኋላ አቀላጥፎ ይናገር ነበር ይሉኛል። በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ በጋሞኛ አንድ ነገር አለችው። ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ እናቴ በቤታችን ውስጥ ጋሞኛ ተናግራ አታውቅም። ከቋንቋው አንዲት ቃል ግን አለችው፤ አባቴ እናቴን ብቻቸውን ሲሆኑ የሚጠራበት የቁልምጫ ስም። በእሷ ሲጠራት እናቴ የያዘችውን ዕቃ ታስቀምጣለች።

«እርስዎ» እለው ነበር። እናቴ «አባትሽን እንግዳ አታድርጊው» አለችኝ። ተውኩት።

አክስቴ ባዩሽ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ወሬውን ሰምታ ከጨንቻ ወረደች። አባቴን በክፉም በደጉም ቀን ታውቀዋለች። በሩ ላይ ቆማ አየችው። እሱም አያት። ያን ጊዜ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። እናቴ ከጓዳ «ባዩሽ፣ ግቢ፣ ምን ትቆሚያለሽ» አለቻት። ገባች፣ በላች፣ ስለ ገብሱ አወራች። በማግስቱ መናኸሪያ ስሸኛት መኪናው እስኪሞላ እጄን ይዛ፣ ሰው በቆየ ቁጥር መልኩ ይለወጣል አለችኝ። ወዲያው ደግሞ፣ «እህቴ ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ ነው» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም ሰው ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው በይው። የሚቀጥለውን ግን ከአንቺ በቀር የሚገባው ሰው የለም።

እሱ አሳ አጥማጆቹ ዘንድ መረብ ይጠግናል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ደፍ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና «ዛሬ ፀሐዩ ቤት ድረስ ሸኘኝ» አለ። እናቴ ከውስጥ፣ «ታዲያ እሱንም ግባ በለው እንጂ» አለችው። ሁለቱም ሳቁ።

እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩት። ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ሁለተኛው ደብተር ላይ፣ አበጋዝ ከቅየሳ ሲመለስ። ጫማውን ሁለት ጊዜ መምታቱ ሳይቀር።

ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ዕረፍት አጣ። የሚናገሩት ሁሉ የእኔ ነበር። ጣሪያ ላይ ሲወጣ እናቴ ከታች ሆና «ከወደቅህ እንዳልስቅብህ» አለችው። ማረፍ ሲፈልግ እንደ አበጋዝ «ወገቤ ስሜን ረሳው» ይላል። ስትቆጣም እንደ ውብአየሁ ትቆጣለች፤ ድምፅዋን ሳታሰማ፣ ክዳን ከድስት ጋር እያጋጨች። በገዛ ቤቴ ውስጥ የገዛ ደብተሬ ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ መሥሪያ ቤት ሳይዘጋ ወጣሁ። ወደ ቤት ስቃረብ በመስኮቱ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠረች ስለሆነች ቃሉን ቆራርጣ ነው የምታነበው። «እ-ኔ-ኮ ያ-ላን-ቺ ጨ-ው አል-ለ-ካም» ታነባለች፤ ሰውዬው ከኋላዋ ይቀበላታል፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ልጅ። ድምፁ እስኪለሰልስ ድረስ። «አሁን ሆነ» አለችው።

አልገባሁም። ዞሬ እስከ ኩልፎ ወንዝ ድረስ ሄድኩ።

በማግስቱ ሲወጡ ጠብቄ ሳጥኑን ከፈትኩ። ደብተሮቹ በእናቴ የሠርግ ጋቢ ተጠቅልለዋል። የገጾቹ ጥግ ከመነካት ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሷል። ከአበጋዝ ንግግር አጠገብ በእርሳስ ክብ፣ ከውብአየሁ ንግግር አጠገብ መስቀል አለ። አራቱም ደብተሮች ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ እኔ ያቆምኩበት ቦታ፣ በእናቴ ትልልቅ ፊደል «ከዚህስ በኋላ» ተብሎ ተጽፏል።

ደብተሮቹን እንደነበሩ ጠቅልዬ ሳጥኑን ዘጋሁ። ግን በሳምንቱ የምሠራበት ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ ደብተር አገኘሁ።

ጻፍኩላቸው። ምን ላድርግ? አበጋዝ ከጓሮ ማንጎ ይተክላል ብዬ ጻፍኩ፤ ቅዳሜ ሰውዬው ጉድጓድ ቆፈረ። ውብአየሁ ጠዋት ጠዋት ባሏ ፀጉሯን እያየ ነጩን ይቆጥርባታል ብዬ ጻፍኩ፤ እሁድ ጠዋት ስነሳ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እሱ ከኋላዋ ቆሞ «አምስት፣ ስድስት» ይላል፣ እሷም ዓይኗን ጨፍናለች። እንደዚያ ጨፍና ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። አንዳንድ ጊዜ እኔን ራሴን ማን ይሆን የሚጽፈኝ እያልኩ እጄን ትኩር ብዬ አያለሁ።

ኃጢአቴን የምነግርሽ እዚህ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ይሄ ሰው ከቆዳው በታች ምን አለ? ንግግር ይጠናል፣ ሳቅ ይጠናል፣ ትኩሳት ግን አይጠናም አልኩ። ማክሰኞ መሥሪያ ቤት ሆኜ «አበጋዝን ወባ ጣለው» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩን ቤት አልወሰድኩትም። በመሳቢያዬ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት። ማንም አላነበበውም። እምልልሻለሁ፣ ማንም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

እዚህ አገር በጥቅምት ወባ የማይነካው የለም፣ አውቃለሁ። አንቺም እንዲህ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ከጤና ጣቢያ ክኒን አመጣሁ፣ አላቆመለትም። ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ እናቴ ጨርቅ እያራሰች ግንባሩ ላይ ታደርጋለች፣ እኔ እግሩን ይዣለሁ። ዓይኑን ገለጠ። እኛን አላየንም። ከእኛ አልፎ አንድ የተኛ ሰው የሚያይ ይመስል ወደ መሬቱ እያየ መናገር ጀመረ። አንዱም ቃል ከደብተሬ አልነበረም።

«ሀብተጊዮርጊስ፣ አትተኛ» አለ። «ሀብተጊዮርጊስ፣ ወንድሜ፣ ውሃው እየመጣ ነው፣ አትተኛብኝ። ስለ ቤትህ ንገረኝ። በሩ ክረምት ላይ ይጣበቃል አልከኝ፤ እሺ፣ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ልግፋው? ጨዉስ? ልጅቷ የዋጠችው ቁልፍ ምን ዓይነት ነበር? እሺ እሷን ምን ብለህ ነው የምትጠራት፣ ድገምልኝ። ድገምልኝ፣ አልሰማሁህም።» ከዚያ ያችን አንዲት የጋሞኛ ቃል እየደጋገመ፣ እየደጋገመ አለቀሰ።

እግሩን ይዤ ቀና አልኩ። እናቴ ጨርቁን በሳህኑ ውስጥ እየጨመቀች ነበር። ሳትዞር፣ «የታመመ ሰው የራሱን ስም ይጠራል» አለችኝ።

«አዎ እማዬ» አልኳት።

ሮጬ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ዘበኛውን ለምኜ አስከፈትኩ። ቆሜ፣ በእጄ ላብ ቀለሙ እየተበላሸ፣ «አበጋዝ ተሻለው። የአሳ ሾርባ ጠጣ። ለምን ጨው አነሰው ብሎ ተቆጣ» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ይሁን አጋጣሚ አላውቅም። ሰኞ ተነስቶ ተቀመጠ። እናቴ የሰጠችውን ቀምሶ ጨው ጠየቀ። እኔ ጓዳ ገብቼ አፌን በቀሚሴ አፍኜ አለቀስኩ። ለማን እንደማለቅስ ታውቂያለሽ። ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው ያለቀስኩለት፤ ድምፅ ማውጣት አልቻልኩም፤ እናቴ ደግሞ ወደ ጓዳው አልመጣችም፣ ማንም እንዳይመጣ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

አሁን በደብዳቤሽ ውስጥ ስላደረግሽው ፎቶ ልንገርሽ። በክርስትናሽ ዕለት የተነሳውን፣ አባቴ አንቺን ታቅፎ ያለበትን። «አባትሽን በወጣትነታቸው እዪልኝ፣ ደስ ይላችኋል ብዬ ነው» ብለሻል። ደግነትሽ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከድሮ ጎረቤቶቻችን የቀራችሁት እናንተ ብቻ ነበራችሁ፤ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ያንን ፊት የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን አልቀረም፣ ፎቶም አልነበረንም። ከፖስታው ሳወጣው ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ቅንድቡ የእኔ ነው። አንዱ ጥርሱ ከአንዱ ላይ ወጥቷል፣ የእኔም እንዲሁ። ምን ያህል ቆሜ እንዳየሁት እንጃ። እናቴ መግባቷን አልሰማሁም።

ከእጄ ወሰደችው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው። አቧራ የሌለበትን ፊት በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ጓሮ ሰውዬው ማንጎውን ውሃ ያጠጣል፤ የባልዲው ድምፅ ይሰማናል።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለችኝ።

«እነሱ ቤት ይመጣ የነበረ ሰው ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ደግ ፊት አለው» አለች። «እንዳይጠፋባቸው መልሺላቸው» ብላ በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ ሕፃን እንደምታስረክብ አድርጋ።

ይኸው መልሼልሻለሁ። አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። ፀሐይ በማይነካው ቦታ አድርጊው፣ አደራ። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽውን በጉጉት ነው የምጠብቀው፤ ነይ፤ አልጋዬን እለቅልሻለሁ፣ እንደ ድሮው ስናወራ እንውላለን። እናትሽና አባትሽ አብረው ለመምጣት ካሰቡ ግን መንገዱ ለጉልበታቸው ሩቅ ነው በያቸው። በእመቤታችን፣ እንደምንም አስቀሪያቸው።

የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ለአባትሽ ዕድሜ ይጨምርላቸው። አንቺን ከብርድ፣ ከክፉ ዓይን፣ ከባዶ ቤት ይጠብቅሽ። እናቴ ትስምሻለች።

አባቴም ሰላም ብሎሻል።

እህትሽ